የእሑድ እንቅልፍ

ዳቦ ጋጋሪው ለሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ይጋግራል፤ የገዛ ልጁ ግን ዳቦ መብላት አልተፈቀደላትም። ከስንት ሺህ ሕፃን አንዱን መርጦ የሚይዝ፣ አብሯት የተወለደ ሕመም አለባት። ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ዳቦው፣ ሌላውን ልጅ የሚያፋፋው ሁሉ በእሷ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ አንጎሏን ይጎዳል። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ድንቹንና ካሮቱን በግራም እየመዘነች፣ ያን አፍንጫ የሚያስይዝ የመድኃኒት ዱቄት እየበጠበጠች፣ ለምናና አባብላ እዚህ አድርሳታለች።

እናቲቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። እሷ ሥራ ስትውል ልጅቷን የሚይዙት የባሏ ታላቅ እህት ነበሩ፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። የራሳቸውን ቤት ዘግተው ነው የመጡት። "ወጥ ቤት መስሎኝ ወርቅ ቤት ገባሁ" እያሉ በሚዛኑ ይቀልዳሉ፤ እየቀለዱም ይመዝናሉ።

በየወሩ ከልጅቷ ጣት ደም ይወሰድና ላቦራቶሪው በደሟ የተጠራቀመውን መጠን በቁጥር ይልካል። ዘንድሮ ቁጥሩ ሦስት ወር ተከታትሎ ጨመረ። ልጅቷ ሲጠሯት ቶሎ አልሰማ አለች። ትናንት ያነበበችውን ፊደል ዛሬ አፍጥጣ ታየዋለች። ሐኪሙ አልተቆጣም።

"አንድ ሰው የተከለከለውን ያበላታል። ደሙ ይስተካከላል፤ የተጎዳው ሁሉ ግን አይመለስም" አለ።

አስተማሪዋ እንደ ሒሳብ ልማዷ የማይሆነውን እያስወገደች ሠራችው። እኔ አይደለሁም። አባቷ ከንጋት እስከ ማታ ምድጃው ሥር ነው። የቀረው አንድ ሰው ነው።

"እትዬ፣ አዝነውላት ይሆናል። ይንገሩኝ፣ አልቆጣም።"

"ምኑን ልንገርሽ?"

"የሚሰጧትን።"

"እኔ? እኔ ይቺን ልጅ? ዓይኔን ይንሳኝ።"

ዞረው ወንድማቸውን አዩት። እሱ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ማሰሩ ረዘመ። በማግስቱ እትዬ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ።

አስተማሪዋ የሁለት ወር ፈቃድ ወስዳ ልጅቷን ራሷ ያዘች። ከዓይኗ የምትርቀው እሑድ ጠዋት ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ባሏ እሑድ እሑድ ልጅቷን አዝሎ ዳቦ ቤት ይወስዳታል። "አንቺ ተኚ፤ ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል" ይላታል። ሁለት ሰዓት እንደ ድንጋይ ትተኛለች። በሥራ ቦታም "ባልስ የኔ ባል" ስትል ትሰማ ነበር። ያቺን ሁለት ሰዓት ሒሳቡ ውስጥ አላስገባቻትም።

ቁጥሩ ከበፊቱም ባሰ። የዚያን እሑድ እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ሹራቧን ደርባ ተከትላቸው ሄደች።

ልጅቷ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ እንቁላል የተቀባ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ ትገምጣለች። አባቷ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ያያታል። ሰውየው እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም።

"በሳምንት አንድ ቀን እኮ ነው" አለ ሚስቱን ሲያያት። "የሰው ልጅ ሁሉ ዳቦዬን ይበላል። የኔዋ ሽታውን ብቻ ትጥገብ?"

"እህትህ ሲምሉ እዚያው ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"ታዲያ?"

"ብናገር እሑዳችንን ትወስጅብን ነበር።"

ዳቦውን ከልጅቷ እጅ ነጠቀች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ቀሚሷ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እየለቀመች ቶሎ ቶሎ መጉረስ ያዘች።

ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ለእትዬ ደወለች። የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"ይቅር ብያለሁ" አሉ።

"እንግዲያው ይምጡልን። ፈቃዴ አልቋል። እርስዎ ካልመጡ ሥራዬን መልቀቄ ነው።"

"አልመጣም። ቂም ይዤ እንዳይመስልሽ። ነገ ደግሞ ያ ቁጥር ከፍ ቢል፣ መጀመሪያ ዞረሽ የምታይው እኔን ነው።"

አይደለም ልትላቸው አፏን ከፈተች። አላለችም። እትዬም ጥቂት ጠብቀው ስልኩን ዘጉት።

ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አስገባች። ባሏ አሁን እሑድ እሑድ ብቻውን ይወጣል። እሷም በሩን ከውስጥ ትቆልፍና ከልጅቷ ጎን ቁጭ ብላ ታረፍዳለች።