አንቴናው ወደ ዴልሂ ሲዞር

ራጅዋንቲ በሪሳል ሲንግ ቤት ምራት ሆና አራት ዓመት ስትኖር፣ ሽማግሌው አማቷ ድምጿን ሰምተው አያውቁም። ተጣልተው አይደለም፤ ደንብ ነው። በእነሱ መንደር ምራት በባሏ አባት ፊት ሻሿን እስከ አገጯ ታወርዳለች፣ ቃል አታወጣም። የምትለው ካላት ለባሏ እናት ትነግራለች፣ እሳቸው ለሽማግሌው ያደርሳሉ። ሽማግሌውም ቢሆኑ እሷን በቀጥታ አያናግሩም። ውሃ ሲጠማቸው በረት ያለችውን የወተት ጎሽ ትክ ብለው እያዩ፣ “በዚህ ቤት ውሃ የሚባል ነገር የለም እንዴ?” ይላሉ። ጎሿ ውሃ ቀድታ እንደማታመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህን የተረተ ሰው ግን መቼም ምራት ሆኖ አያውቅም።

ጠቡ ያለው በሪሳል ሲንግና በራጅዋንቲ አባት በማንጌ ራም መካከል ነው። በሠርጉ ቀን ማንጌ ራም የትንባሆ ጋያውን ለሪሳል ሲንግ ታላቅ ወንድም ማቅረብ ሲገባው፣ ዘንግቶ በቅድሚያ ለሌላ እንግዳ አቀረበ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሰው በመሬት ይጣላል፣ በከብት ይጣላል፤ እነዚህ በጢስ ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ የማንጌ ራም ስም እዚያ ቤት አይነሳም። በክረምቱ በዓል የመንደሩ ምራቶች ሁሉ ወደየአባታቸው ቤት ሲሄዱ ራጅዋንቲ ትቀራለች። ወንድሟ አንዴ ጣፋጭ ይዞ ሊወስዳት መጥቶ ከደጃፍ ተመልሷል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከራጅዋንቲ የትውልድ መንደር ከኬራ የተዳረችው ቢርማቲ ጉድጓዱ ዳር ጠብቃ ያዘቻት።

“አንቺ፣ አልሰማሽም? የአባትሽ ጎሽ በከብት ትርኢቱ አንደኛ ወጣች። የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው አባትሽን ሲያነጋግሩት ዋሉ። ሐሙስ ማታ በገበሬዎች ፕሮግራም ይታያል።”

“ደህና ነው?”

“ማን፣ ጎሿ?”

“አባቴ።”

ቢርማቲ እንስራዋን ራሷ ላይ አስተካከለች። “በዓይንሽ እዪው እንጂ እኔ ምን ብዬ ልንገርሽ።”

ራጅዋንቲ መልሱን እስከ ቤት ይዛው ሄደች። ደህና ቢሆን ደህና ነው ትላት ነበር። ማየት አለባት፤ ግን በምን? ባሏ ወታደር ነው። ባለፈው ፈቃዱ ያመጣው ቴሌቪዥን የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ ከዴልሂ የሚላከውን ሞገድ ከዚህ ርቀት አትይዝም። ራጅዋንቲ አንድ ዘዴ መጣላት። ለባሏ እናት እንደ ዋዛ፣ “ሴቶቹ የወታደር ቤት ሆኖ ቴሌቪዥኑ እንደ ሬሳ ተሸፍኖ ይኖራል ይላሉ” አለቻቸው። ወሬው እስከ ማታ ሽማግሌው ጆሮ ደረሰ። ሪሳል ሲንግ በሰው አፍ ከሚገቡ እሾህ ቢወጋቸው ይመርጣሉ። ሐሙስ በማለዳ አንቴና ሊገዙ ወደ ገበያ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አንቴናውን በትከሻቸው ተሸክመው ሲገቡ ሚስታቸው ለለቅሶ ጎረቤት መንደር ሄደው ነበር። እቤት ያለችው ራጅዋንቲ ብቻ ነበረች። ሽማግሌው ግቢው መሐል ቆመው ወደ ጎሿ ዞሩ።

“ባለሱቁ መጀመሪያ ያሳየኝ አራት ዘንግ ያላትን ነበር” አሏት። “እሷ ዴልሂ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ናት፣ ለአንተ አገር ረጅሟ ነች አለኝ። ረጅሟን አንስቼ እንደ ሞፈር መዘንኳት። ሞገዱን የምታጎላዋን ቡስተር የምትባል ሳጥንም ጨመረልኝ። ግን ከፍ ብላ በቀጥታ ወደ ዴልሂ ካልዞረች የቁራ ማረፊያ ናት አለ።”

ጎሿ ታመሰኳለች። ራጅዋንቲ ከሻሿ ስር ፈገግ አለች። ሰው የገዛውን ነገር ለሰው ካላወራ ሆዱ አይቀመጥም፤ ሽማግሌው ደግሞ የሚያወሩለት ሰው አልነበራቸውም። አሳዘኗት።

ሽማግሌው ጣሪያው ላይ ወጥተው አንድ የብረት ቱቦ ከጠርዙ ጋር በሽቦ ጠፍረው አቆሙ። አንቴናውን አናቱ ላይ አሰሩና ገመዱን በመስኮት አወረዱ። ከዚያ ለሰማዩ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ምስሉ ከመጣ በዚህ ቤት ያለ ሰው ሳህን አንዴ ይምታ። ካልመጣ ሁለቴ” አሉ። ራጅዋንቲ ሳህን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች።

መጀመሪያ ያዞሩት አውቶቡሱ ወደሚሄድበት ነው። ዴልሂ የሄዱት በአውቶቡስ ስለሆነ ዴልሂ ለሳቸው መንገዱ የሚጀምርበት ነው። መንገዱ ግን ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ይሄድና ቦዩን ከተሻገረ በኋላ ነው ወደ ምሥራቅ፣ ኒም የሚባለው ዛፍ ወዳለበት ወገን የሚጠመዘዘው። ራጅዋንቲ ይህን ታውቃለች፤ እንዴት ትንገራቸው? ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ሳህኑን ሁለቴ መታች። ቱቦው ሲጢጥ አለ። ሁለቴ መታች። ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ሰዓት ደረሰ፤ አሁንም ሁለቴ።

በድንገት ጉንዳኑ ተበተነና ሰው ታየ።

አባቷ ነው። ጥምጣሙ የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቶታል፣ የጉንጩ አጥንት ወጥቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ራጅዋንቲ ሳህኑን በእጇ እንደያዘች ረሳችው። ሽማግሌው ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ምንም ስላልሰሙ ቱቦውን እንደገና አዞሩት። ማንጌ ራም ተመልሶ ጉንዳን ሆነ።

እንዴት እንደወጣች አታውቅም፤ ራሷን ግቢው መሐል አገኘችው።

“ይመልሱት! ባፑ፣ አባባ፣ ይመልሱት! ወደ ኒሙ ዛፍ!”

በልጅነቷ ጎሾችን ከማሳ ማዶ የምትጣራበት ድምፅ ነው የወጣው። ሪሳል ሲንግ ቱቦውን እንዳቀፉ ደርቀው ቀሩ። ቁልቁል አዩ፤ አጥር ጥሳ የገባች እንግዳ ሴት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ሻሽ ያወረደች አንዲት ሴት ብቻ ቆማለች።

“ማን ነሽ?” አሉ። “የማን ልጅ ነሽ?”

አራት ዓመት ቂጣቸውን ጋግራለች፣ ልብሳቸውን አጥባለች። ድምጿን አያውቁትም። ደንቡ ይህን እንደሚያመጣ ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም እስከ ነፍሷ አመማት። የልጅዎ ሚስት ነኝ ማለት ነበረባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የወጣው ሌላ ነው።

“የማንጌ ራም ልጅ ነኝ። የኬራው። አሁን እቴሌቪዥኑ ውስጥ ነበር፣ አጠፉብኝ።”

ራጅዋንቲ ዛሬ ከዚህ ቤት መባረሬ ነው አለች በልቧ። ከዚያ ቱቦው ሲጢጥ አለ።

“ወደ ኒሙ ነው ያልሽው?”

“ወደ ኒሙ። ትንሽ። ትንሽ ይጨምሩ። በቃ፣ በቃ።”

ሮጣ ገባች። አባቷ አለ። የጎሿን ቀንድ ይዞ ስለ ጥጥ ፍሬ መኖ ያስረዳል፤ ሁለት ቃል ሲናገር አንዴ ያስለዋል።

“አለ?” የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

“አለ።”

“ብሎኑን ላጥብቀው?”

“አይንኩት፣ ይጠፋል። እንዲሁ ይያዙት።”

ንፋስ ተነስቶ ነበር። ቱቦው ሲፍጨረጨር፣ ሽማግሌው ሲያቃስቱ ይሰማታል፤ ምስሉ ግን አልተነቃነቀም። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

“እንዴት ነው?”

“ከስቷል፣ ባፑ። በጣም ከስቷል።”

ሽማግሌው ቱቦውን ጠበቅ አድርገው ሲያቅፉት ሽቦው ሲጢጥ አለ።

“እስክትጠግቢ እዪው” አሉ። “እኔ ይዤዋለሁ።”