ለአንድ ሰው ሁለት

«ኮፍያህን አውልቅ» አለችው ባለቤቱ። «ጠዋት የገባኸው በኮፍያ ነው። አሁን ያለ ኮፍያ ግባ።»

«መላጣዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ሰፈሩ ይወቀው። የሱፐርማርኬቱ ሰዎች አያውቁትም። ከሰፈሩ የቀጠሩት ሰው ቢኖር ዘበኛውንና ልጃችንን ነው።»

ጋሽ ሚዛን ኮፍያውን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሹራቡን ገልብጦ ለበሰና መንገዱን ተሻገረ። በዚያ ቀን ብቻ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። መኪና እስኪያልፍ ቆሞ ወደ ኋላ ዞር ሲል፣ ባለቤቱ በሩ ላይ ሆና በእጇ «ሂድ፣ ሂድ» ትለዋለች። ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ያስቸገረ ልጅ የምትሸኝ ነበር የምትመስለው።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚያች ሱቅ ውስጥ ቆሟል። ሰፈሩ ጋሽ ሚዛን ያለው፣ ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ስለሚጨምር ነው። ያወቁት ሰዎች ዛሬም ስለ እሱ ሲያወሩ ከፊቱ ይልቅ ትዝ የሚላቸው እጁ ነው።

ሱፐርማርኬቱ ማዶ ከተከፈተ አራት ወሩ ነው። መጀመሪያ ሳሙና ረከሰ፣ ቀጥሎ ስኳር። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከጣሪያው እስከ በሩ የሚደርስ ቀይ ጨርቅ ሰቀሉ፤ ባለ አምስት ሊትር ዘይት፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ። ዋጋው አከፋፋዩ ለጋሽ ሚዛን ከሚያስረክብበት በአንድ አምስተኛ ያንስ ነበር። የተሳሳቱ መስሎት አከፋፋዩ ዘንድ ደወለ። ሰውየው በስልኩ ውስጥ ከልቡ ሳቀ።

«ጋሽ ሚዛን፣ አትንገርብኝ እንጂ እኔም ለቤቴ የገዛሁት ከእነሱ ነው።»

ዘይቱን የሚሸጡት ሊያተርፉበት አልነበረም። ዘይት ሊገዛ የገባ ሰው ሳሙናውንም፣ ሩዙንም፣ የልጁን ብስኩትም ይዞ ይወጣል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ፣ ደንበኞቹ ቀይ ፌስታል አንጠልጥለው ሲያልፉ እያየ ያወቀው ነው። ሰላምታቸውን አልቀነሱበትም። እንዲያውም ጨምረዋል፤ ቤተሰብ ሳይቀር እየዘረዘሩ ይጠይቁታል። ከሁሉ የሚብሰው ይኸው ነበር።

ከቀዩ ጨርቅ ግርጌ በትናንሽ ፊደል «ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ብቻ» የሚል ተጽፏል። ያነበበችው ባለቤቱ ናት።

«በዚህ ሰፈር አምስት ሊትር በአንዴ የሚገዛ ስንት ሰው አለ?» አለችው የዚያን ዕለት። «ለዕለቱ የሚበቃውን የሚገዛው ነው የሚበዛው። እኛ ከእነሱ እንግዛ፣ ከፍተን በጣሳ እንሽጥ። በራሳቸው ዘይት ደንበኞቻችንን እንመልስ።»

ዘዴው ስድስት ቀን ሠራ። እሷ ነጠላዋን እየቀያየረች፣ እህቷ ከሌላ ሰፈር እየመጣች፣ እሱ አንዴ በኮፍያ አንዴ በመነጽር ገዙ። ሰዉ ጠርሙሱን ይዞ ብቅ ማለት ጀመረ። ከአራት ወር በኋላ ባንኮኒው ፊት ሦስት ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ጋሽ ሚዛን ከጥድፊያው የተነሳ ዘይት አፈሰሰ። ከሸጡት ተርፎ ጓዳ ውስጥ አሥራ አራት ጀሪካን ተደርድሯል። «ሃያ ከሞላ ሁለት ወር እንተነፍሳለን። እስከዚያ ዋጋ መስበሩ እነሱንም ያደክማቸዋል» ትላለች ባለቤቱ። ካልሞላ ሱቁ እንደማይቆይ ሁለቱም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። ልጃቸው ማዶ ካሸር ከሆነች ሦስት ወሯ ነው። የቤት ኪራዩም፣ የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒትም ከእሷ ደሞዝ ነው የሚወጣው። ካሸር ዘመዱን ካስተናገደ በዚያው ቀን ይሰናበታል። «አባዬ፣ በሞቴ፣ ወደ እኔ ሰልፍ እንዳትመጣ» ብላዋለች፤ እሱም እስከዚያች ሰዓት ወደ ሰልፏ ዞር ብሎ እንኳ አያውቅም።

ሁለት ጀሪካን አንስቶ ከእሷ በጣም የራቀውን ሰልፍ ያዘ። ፊቱ አራት ሰው ሲቀረው ማሽኑ ቀጥ አለ። ካሸሩ መታው፣ አጠፋው፣ አበራው። ከዚያ ክራቫት ያሰረው ወጣት ሥራ አስኪያጅ መጣና እጁን እያወዛወዘ ሰልፉን በሙሉ አዞረው።

«ወደዚህ፣ ወደዚህ! እናንተ ሁላችሁም በዚህ በኩል!»

ወደ ልጁ ነበር።

ጋሽ ሚዛን ትቶ ሊወጣ ፈለገ። ከኋላው ጋሪ፣ ከጎኑ መደርደሪያ ሆነበት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሰልፉን ለማፋጠን ከልጅቷ ጎን ቆሞ ፌስታል ይከፍታል። ተራው ደረሰ። ልጁ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ጀሪካኑን ለመሳብ እጇን ዘረጋች።

«አባት፣ ቅድም አላየሁዎትም?» አለ ሥራ አስኪያጁ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ ልጅቷ ዞረ። «እኚህ ሰው ዛሬ ገዝተው ነበር?»

ልጁ ልትዋሽ ስትል የግራ ዓይኗ ይጠባል። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት፤ ከረሜላ የወሰደች ቀን የሚይዛት በዚያ ነበር። አሁንም ዓይኗ ሲጠብ አየ።

«ሦስተኛዬ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

ከኋላው ሳቅ ፈነዳ። «ሊታጠቡበት ነው እንዴ?» አለች አንዷ። «ተዋቸው እስቲ፣ ጉልበታቸው ደርቆ ይሆናል» አላት ሌላው።

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። «ይህችን ልጅ ያውቋታል?»

«አላውቃትም።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀሎት ነበር። የከበደው ከወጣ በኋላ ነው።

«ሁለቱንም ይመልሱ» አለችው ልጁ፤ ዓይኗ ማሽኑ ላይ ነው። «ቀጣይ!»

በዕድሜዋ አባቷን በአንቱታ ያናገረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጀሪካኖቹን ራሱ ወስዶ መደርደሪያው ላይ መለሳቸው፤ ጽሑፋቸው ወደ ፊት እንዲታይ እንኳ አስተካከላቸው። በሩ ላይ ዘበኛው አንገቱን ሰበረ።

«ጋሼ፣ እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ሙት!»

«አውቃለሁ። በሩን ልቀቅልኝ።»

ሱቁ ሲገባ ባለቤቱ ባዶ እጁን አየች።

«ተነቃ?»

«ተነቃ።»

«እሷስ?»

«አላውቃትም አልኩ።»

ባለቤቱ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሰዓት የሚበቃ ትናገረው ነበር። ያን ቀን ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ደጋግማ አጠፈች፣ ፈታች፣ አጠፈች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ብቻውን ነው። ባንኮኒው ላይ ተደርድረው ቀድቶ እስኪሞላቸው የሚጠብቁትን ጠርሙሶች አያቸው፤ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ የጭማቂ፣ የውሃ ፕላስቲክ።

«የማን እንደሆኑ በምን ይለያሉ? አልተጻፈባቸውም።»

«እሱ ይለየዋል» አለች ባለቤቱ ብድግ ብላ። ሰውየው ልጇን ሊያባርር የመጣ መስሏታል። በጥሩ አፍ ከያዘችው የሚራራ መሰላት፤ አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። «ይሄ የጫማ ሰፊው ነው፣ ሩብ ሊትር ነው የሚወስደው፣ ማታ ሲገባ። ያቺ የልብስ አጣቢዋ ናት፤ ዘይት ከወሰደች ስኳርም ትወስዳለች፣ ሁለት ማንኪያ ብትሆን። ዛሬ ብቻ እስካሁን ለአርባ ሰው ቀድተናል! ችግረኞች ናቸው፣ ልጄ። እናንተ ጋ መግባት ያፍራሉ። ብርሃኑም፣ ጋሪውም ያስፈራቸዋል። እኛ እነሱን ብለን ነው እንጂ ሌላ ተንኮል የለብንም።»

«አርባ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። «ሩብ የሚወስደው ነው ግማሽ የሚወስደው የሚበዛው?»

«ሩብ! ከአሥሩ ሰባቱ ሩብ ነው» አለች።

ጋሽ ሚዛን ያኔ ገባው። ክንዷን ያዝ አደረጋት፤ ግን አልቋል።

«አባት፣ ለመጣላት አልመጣሁም» አለ ወጣቱ ስልኩን እየከተተ። «አለቆቼ ለምን የዚህ ሰፈር ግማሹ እንደማይገባልን ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ከሰኞ ጀምሮ በራችን ላይ ትንሽ ባንኮኒ እናቆማለን። ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፤ በሩብ፣ በግማሽ። ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ልጅዎን እዚያ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ደሞዟም ይጨምራል።»

«የቷን ልጅ?» አለ ጋሽ ሚዛን።

«ኧረ አባት። አፍንጫችሁ አንድ ነው።»

ባለቤቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እምቢ ብትልስ?» አለች ከውስጡ።

«እምቢ ካለች የዛሬውን ለበላይ መጻፍ ግዴታዬ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰዉ እርስዎን ያምናል። እሷ ደግሞ የእርስዎ ልጅ ናት» አለ። እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ጋሽ ሚዛን ጨበጠው፤ የተዘረጋ እጅ መመለስ አያውቅበትም።

ልጅቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሥራ ወጥታ መጣች። ቀዩን ሽርጥ አላወለቀችም። ሥራ አስኪያጁ ነግሯታል።

«አልቀበልም» አለች ገና ከበሩ። «ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ይሄን ሱቅ በገዛ እጄ አልዘጋም።»

«ምን ሥራ አለ? ስንት ወር እንደዞርሽ ረሳሽው?» አለች እናቷ።

«እዞራለሁ። አባዬ፣ አንተ ተናገር እንጂ!»

ጋሽ ሚዛን ጣሳውን በጨርቅ ይወለውል ነበር።

«አላውቃትም ስትል» አለች ልጁ። «ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሆዴን በላኝ፣ አባዬ። ሰው ፊት እኮ ነው።»

ቀና ብሎ አያት። የልብስ አጣቢዋ በር ላይ ቆማ ነበርና ጨርቁን አስቀመጠ።

«ጋሽ ሚዛን፣ ሞላህልኝ? ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው።»

ጠርሙሷን ለይቶ ሰጣት። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ አድርቃ ተቀበለችው።

«ነገስ ይኖራል? ማዶዎቹ ቅናሹ ዛሬ ያልቃል ብለዋል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ጓዳ ውስጥ አሥራ አራት ጀሪካን አለ። ባለቤቱ ከኋላው ሹራቡን ሳብ አደረገችው። ልጁ ሽርጡን ለማውለቅ እጇን ወደ ጀርባዋ ልካ፣ ቋጠሮው እምቢ ብሏት ቆማለች።

«ነገ አለ» አለ ጋሽ ሚዛን። «ከሰኞ ጀምሮ ግን እዚያ ማዶ፣ በሩ ላይ፣ በሩብ ይሸጣል። ከእኔ ይረክሳል።»

«ኤዲያ! እነዚያ ደግሞ ማን አባታቸው ያውቀናል? ማነው የሚቀዳው?»

«ልጄ ናት» አለ። ወደ ልጅቷ ሄዶ እጇን ከቋጠሮው ላይ አነሳና፣ ሽርጡን መልሶ አጠበቀላት። «ይህች ልጄ ናት የምትቀዳልሽ። ለሌሎቹም ንገሪልኝ።»