አብሽር ያልኩት ሐኪም

እኔ ሰሚሃ ሰው ሲያዝን ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ! ጅዳ ያለው ሐኪም ግንባሩን ቋጥሮ ሲያየኝ፣ ታማሚዋ እኔ ሆኜ ሳለ፣ አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሌ የሐቢብ እህት ሳጂዳ ጅዳ ከገባች ቆይታለች፤ ነይና ዑምራ አድርጊ ብላ ጠራችኝ። ሐቢብ የሐይቁን ዓሣ ለደሴ ሆቴሎች የሚያስረክብ ሰው ነው፤ ሥራውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ ብቻዬን ሄድኩ። መካ ላይ ምን ለመንሽ ተብዬ መቼም አልጠየቅም። ከተጋባን ጀምሮ ልጅ የሚባል አላየንም። ካዕባውን እያየሁ "ያረቢ፣ አንድ ብቻ!" አልኩ። ሌላ ነገር ትዝም አላለኝ።

ዑምራዬን ጨርሼ ሳጂዳ ቤት በተመለስኩ ማግስት ደም አጥለቀለቀኝ። ደግፋ ሆስፒታል ወሰደችኝ። እኔ ከዐረብኛ የማውቀው የሶላቴን ያህል ነው፤ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ የምሰማው በሳጂዳ አፍ ነበር። "ማህፀንሽ ላይ እጢ አለ፤ እሱን አውጥተው ይሰፉሻል፣ አለቀ" አለችኝ። "ልጅስ?" አልኳት። "ኧረ እንዲያውም ልጅ የከለከለሽ እሱ ነው!" አለች። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፣ ከሐቢብ ጋር አወራች፣ ተመልሳ ሐኪሙን አናገረችው።

ሐኪሙ ግን ልቡ አልረጋም መሰለኝ ወደ እኔ ዞረ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ቀስ ብሎ ረጅም ነገር ጠየቀኝ። ፊቱ ጠቁሯል። ሳጂዳ "አትፍሪ ነው የሚልሽ" አለችኝ። ኧረ የፈራስ እሱ ነው! እኛ አገር፣ ሐይቅ ከተማ፣ ሰው የሞተበትንም፣ በሬው ገደል የገባበትንም የምናጽናናበት፣ አይዞህ እንደ ማለት የሆነች አንድ ቃል አለችን። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "አብሽር፣ ዶክተር፣ አብሽር" አልኩት። ፊቱ ፈታ አለ፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወጣ። እኔም አጽናናሁት ብዬ ኮራሁ!

በማግስቱ ቀደው ሰፉኝ። አገግሜ ወደ አገሬ ስመለስ ሐቢብ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ተቀበለኝ። እቅፍ አድርጎኝ አለቀሰ፤ የደስታ እንባ ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ። የወር አበባዬ ቀረ። ሳጂዳ "ቁስሉ እስኪሽር ይቀራል" ብላኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። እየቆየ ግን ምግብ አስጠላኝ፣ የዓሣው ሽታ አቅለሸለሸኝ፣ ሆዴም ገፋ አለ። ሐቢብን "አርግዣለሁ መሰለኝ" ስለው "አላህ ያውቃል" ብሎ አጎንብሶ ጫማውን ማሰር ያዘ። ጫማው ደግሞ ታስሮ ነበር። ደስታው አሳውሮኝ ነው እንጂ ያኔ ነበር መንቃት። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ፤ እሱ አላስቆመኝም።

ደሴ ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ሐኪሟ ሆዴ ላይ ስትፈልግ ስትፈልግ ቆየችና "እህቴ፣ ማህፀንሽ የወጣው መቼ ነው?" አለችኝ። "ማህፀን አይደለም፣ እጢ ነው የወጣው" አልኳት። አረምኳት እኮ! ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ ደግማ ነገረችኝ። ሆድሽን የነፋው አየር ነው አለችኝ። አየር!

ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ለሳጂዳ ደወልኩ። መጀመሪያ ምላ ካደች፤ ኋላ አለቀሰች። "ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለ ብሎ ነበር" አለች። "እጢውን ብቻ ካወጣን ማህፀኗ ይተርፋል፣ ግን ደሙ ሊመለስባት ይችላል አለ። ማህፀኑን አውጡት ያለኝ ሐቢብ ነው። ከሰማች እሺ አትልም፣ እንዳትነግሪያት አለኝ። ደግሞ ሐኪሙ አንቺንም ጠይቆሻል! አብሽር አላልሽውም? እዚህ አገር እኮ አብሽር ማለት እንዳልከው ይሁን ማለት ነው።"

ወላሂ፣ ሰው እንዴት ባጽናናበት ቃል ይታረዳል? "አንቺ የሐይቅ ልጅ አይደለሽም? አብሽር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አጥተሽው ነው?" ብዬ ጮህኩባት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ይየኝ!

ሚኒባስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ሙጥኝ አልኩ፤ ሳጂዳ ዋሽታ ይሆናል። ሐቢቤ አያደርገውም። የራሷን ጥፋት በወንድሟ ላይ እያላከከች ነው። ይህን ለራሴ እየነገርኩ ቤቴ ደረስኩ።

ቤቱ ሞልቷል። ዱዓ የሚያደርጉልን የሰፈራችን እናቶች፣ ዱበርቶቹ፣ ማርገዜን ሰምተው ተሰብስበዋል፤ ጎረቤቴ የሺሀረግም መሐላቸው ተቀምጣለች። እት መስኡዳ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓውን ጀምረዋል። "ያረቢ፣ የሰሚሃን ማህፀን ጠብቅ! በሰላም አገላግላት!"

"አሚን!" አሉ ሁሉም። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የሐቢብ ድምፅ ነው። በሩ ሥር መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል።

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። 

"ሐቢብ" አልኩት፣ "ሳጂዳ ጋ ደውዬ ነበር።"

መዳፎቹን ቀስ ብሎ አወረደ። ምን አለችሽ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።