አራቱ የመረብ ድንጋዮች

አስላክ ሰማንያ አንድ ዓመት ሲሞላው በአንድ ነገር ብቻ አሻፈረኝ አለ፤ በለስላሳ ስኪ፣ በቀላሉ በሚለመጥ የበረዶ መንሸራተቻ። ልጁ ቶርዲስ ከከተማ ገዝታ ያመጣችለትን አዲስ የበረዶ መንሸራተቻ አገላብጦ አየውና ግድግዳው ላይ አስደግፎት፣ በዚህ ከምሄድ ለፋሲካ እዚሁ ቤቴ እቀመጣለሁ አላት። ተራራው ላይ ያለችውን፣ በበረዶ ተንሸራትተው የሚደርሱባትን ጎጆ ከሟች ሚስቱ ጋር ሆኖ በገዛ እጁ ነው የሠራት፤ ፋሲካን እዚያ ሳይውል የቀረበት ዓመት የለም። ቶርዲስም አባቷን ታውቀዋለች፤ እቀመጣለሁ ካለ ይቀመጣል። እሱ የሌለበት ጎጆ ደግሞ ለእሷ ምኗም አይደለም።

«እንግዲያው ወረቀቱ ይፍረደን» አለችው።

ይህን ዳኝነት ያስተማራት ራሱ ነው። አስላክ በቴሌማርክ ሸለቆ ዕድሜውን ሙሉ ስኪ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ስኪ መሃሉ ላይ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ በሁለት እግር ሲቆሙበት መሃሉ ወለል ስለማይነካ፣ ከሥሩ የገባ የጋዜጣ ቁራጭ እንደ ልብ ይንሸራተታል። ክብደትን ሁሉ በአንድ እግር ላይ ሲጥሉ ግን ጉብታው ይተኛና ወረቀቱን ይይዘዋል። ካልያዘው ስኪው ለዚያ ሰው ጠንካራ ነው ማለት ነው። ዳገት ላይ በረዶውን አይቆነጥጥለትም፣ ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ የመጀመሪያው በረዶ እንደጣለ፣ ቶርዲስ የጥድ ሬንጅ በሚሸተው የአባቷ የእንጨት ሥራ ክፍል ወለል ላይ በስኪ ትቆም ነበር። እሱ ተንበርክኮ ወረቀቱን ይጎትታል። በስድስት ዓመቷ አጭርና ልፍስፍስ ያለ ደረሳት፣ በዘጠኝ ዓመቷ ረዘም ያለ፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ ደግሞ እርምጃዋ ስለበረታ ጠንከር ያለ። መነጫነጭ የለም፣ ማኩረፍ የለም፤ ወረቀቱ ያለው ያው ነው። ያንን ዘመን ስታስበው የአባቷ ጎንበስ ያለ ማጅራት አሁንም ይታያታል።

በአሥራ ሦስት ዓመቷ ግን ዓይኗ ትልልቆቹ ሴቶች የሚሄዱበት፣ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ያለው ጠንካራ ስኪ ላይ አረፈ። ቆመችበት፤ ወረቀቱ ሾልኮ ወጣ። በማግሥቱ አንዴ ልድገመው አለች። ከመግባቷ በፊት በር ላይ ከተሰቀለው የዓሣ መረብ አራት ማስመጫ ድንጋዮች ፈትታ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ጨምራ ነበር። አባቷ ወረቀቱን ሁለቴ ጎተተው። ቀና ብሎ አያት። «ይዟል» አለና ስኪውን ሰጣት።

እሑድ ዕለት የወፍጮው ዳገት ላይ ጉድ ሆነች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ። ከእሷ የሚያንሱት ሁሉ እየሳቁባት አለፉ። በረዶው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አባቷ ከኋላ ደረሰ፤ አሮጌው ለስላሳ ስኪዋን ጀርባው ላይ አስሮታል። ስኪውን ፈትቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው፣ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጣት፣ ከዚያ «ለከርሞ ይይዝልሻል» አላት። እውነትም በዓመቱ ጠንካራው ስኪ ያዘላት። የድንጋዩን ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

አሁን ተራው የእሷ ሆነና ጋዜጣ ቀዳ ተንበረከከች። አስላክ መጨረሻ የሠራውን ጠንካራ ስኪ ወለሉ ላይ አስቀምጦ፣ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ካፖርቱን ሊለብስ ወጣ። ቆየት ብሎ ተመለሰና ጠረጴዛውን ተደግፎ በአንድ እግሩ ቆመ። ወረቀቱን ጎተተችው፤ አልንቀሳቀስ አለ። ስትደግመው ከራሷ በላይ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማች።

ቀና ብላ አየችው። እሱ መስኮቱን ያያል። ብትናገረው ያፍራል፣ ካፈረ ደግሞ አይሄድም።

«ይዟል» አለችው።

ወደ ጎጆዋ የወጡ ዕለት የወፍጮው ዳገት ላይ አራት እርምጃ ሳይሄድ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ዱላውን እየተከለ ታገለ፣ አልሆነለትም፤ ቆሞ ያለከልክ ገባ። ቶርዲስ ከኋላ ደረሰች። ጀርባዋ ላይ ያሰረችውን አዲሱን ለስላሳ ስኪ ፈትታ እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችው።

«ለከርሞ ይይዝልሃል አባዬ» አለችው።

አስላክ ብርቱካኑን ቀስ ብሎ በላ። ስኪውን አየ፣ እሷንም አየ።

«ያንቺ አራት ነበሩ» አለ። «እኔ ስድስት ነው የጨመርኩት።»

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያውቅ ኖሯል። ቶርዲስ ጎንበስ ብላ ጫማውን ለስላሳው ስኪ ላይ አሰረችለት፤ እሱም እስክትጨርስ ትከሻዋን ይዞ ቆመ፣ ከዚያ ዳገቱን ወጡት።