ሁለተኛው ፈራሚ

"ታዲያ ሁለተኛው ማን ይሁን፣ ሚስተር ታተርሶል?" አለች ጠበቃዋ ሚስ ፔልሃም፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

ዊልፍ ታተርሶል ጉልበቱ ላይ ያለውን ቆብ አሽከረከረ። የእንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ የሞርካም ዝናብ የቢሮውን መስኮት ይደበድባል። የሚኖርበትን ቤት ከወንድሙ ከሴድሪክ ጋር ነበር እኩል በእኩል የገዙት። ሴድሪክ በጥር ሲሞት ግማሹን ለባሕር ነፍስ አድን ማኅበር ተናዘዘ፤ ማኅበሩም ቤቱ ተሸጦ ድርሻው እንዲሰጠው ይፈልጋል።

"በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለምን እኔው አልሸጠውም?"

"በቤቱ ወረቀት ላይ በስም አዎ፣ ብቻዎን ነዎት። ግማሹን ግን የያዙት ለማኅበሩ በአደራ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ሸጦ ገንዘቡን የሚቀበል ሁለት ሰው ካልሆነ ገዢው እሺ አይልም። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም ከእርስዎ ጋር ወረቀቱ ላይ ይገባና አብሮ ይፈርማል። ወዳጅ፣ ጎረቤት... የሚያምኑት ሰው ይበቃል።"

"የግድ የሚያውቀኝ መሆን አለበት?"

ሚስ ፔልሃም ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። "እስቲ ትንሽ ያስቡበት።"

የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ በሐሳቡ ሰው ፈለገ። የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ጡረታቸውን ይዘው ስፔን ገብተዋል። ወዳጅ ማበጀት የሚያውቀው ሴድሪክ ነበር፤ ዊልፍ በሴድሪክ ወዳጆች መሃል ተቀምጦ አብሮ ይስቅ ነበር እንጂ። ከቀብሩ ወዲህ አንዳቸውም አልደወሉም።

ጎረቤቱን ዶሪንን የቆሻሻ በርሜሏን ስትጎትት አገኛት።

"ዶሪን፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።"

"በል ቶሎ በል ሴድሪክ፣ በሰበስኩ እኮ!"

"ዊልፍ ነኝ።"

"ውይ በሞትኩት! ሁለታችሁን መቼ ለይቼ አውቃለሁ! ለካስ የሞተው... ምን ነበር የፈለግከው?"

"ኧረ ምንም። ቆሻሻ የሚነሳው ነገ ነው ወይ ልልሽ ነው።"

ቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ለሚስ ፔልሃም ደወለ።

"ሰው አጣሁ። ከቢሮሽ ይገኛል?"

"ሚስተር ኢላም የሚባል ባልደረባዬ አለ፤ ያስከፍላል እንጂ። መገናኘት እንኳ አያስፈልጋችሁም፣ በየፊናችሁ ትፈርማላችሁ።"

"ስሙ ቤቴ ላይ ሊገባ አይደል?" አላት።

"እስኪሸጥ ድረስ፣ አዎ።"

"እንግዲያውስ ቤቱን ማየት አለበት። አርብ ለምሳ ይምጣ በይው። ዓሣ እጠብሳለሁ።"

"ሚስተር ታተርሶል፣ እሱ እኮ ሥራ ላይ..."

"ዓሣ የማይወድ ከሆነም ንገሪኝ" አላት ቶሎ ብሎ። "ሌላ ነገር እሠራለሁ።"