በምሰሶ ቀኝ ክንድ ላይ

ፍንጣሪ የሚሉት ልጅ የሸሚዙን እጅጌ መሰብሰብ ሲጀምር ጥርስ ሠሪዋ ምን ልታይ እንደሆነ ገባት፤ ፊቷን ለማዞር ግን አልደረሰችም። ክንዱ በስስ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ከላስቲኩ ሥር፣ ባበጠውና በቀላው ቆዳ ላይ፣ ሁለት ዓይኖች አፍጥጠው ያዩዋታል። የራሷ ዓይኖች ናቸው።

«ትናንት ነው የተነቀስኩት፣ እህታለም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱ ቢሄድ እነሱ አይሄዱም። ነገ የቡድኑ ልጆች በሙሉ ይነቀሳሉ፤ አንድም የሚቀር የለም።»

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከጎኗ የነበረችው ጎረቤት እንባዋን በመሐረብ አፈነች። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንዴ ክንዱን፣ አንዴ እሷን አመሳከሩና «ቁርጥ እሷን» አሉ። ጥርስ ሠሪዋ የሚጠበቅባትን ታውቃለች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ፍንጣሪ በቡድኑ ውስጥ አጭሩና ፈጣኑ ልጅ ነው፤ ባሏ እንደ ታናሽ ወንድሙ ነበር የሚያየው። ያደረገው ከልቡ እንደሆነ ታውቃለች፤ ልትቆጣው ያልቻለችውም ለዚሁ ነው።

የሞተው ባሏ ነው። አገር የሚያውቀው «ምሰሶ» በሚለው ቅጽል ነበር፤ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ቅርጫቱ ሥር ከቆመ የሚነቀንቀው የማይገኝ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች። በልምምድ ካምፕ፣ ከጨዋታ በፊት ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ድንገት ተንበረከከ። የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር መስሏቸው ጓደኞቹ ዙሪያውን ይሮጡ ነበር። ልቡ ኖሯል የቆመው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰው ይግባ ሰው ይውጣ ነው። የክለቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ሳሎኑን ሞልተው እስከ ደረጃው ወርደዋል፤ የቡና ፔርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጥርስ ሠሪዋ ከሶፋው መሃል፣ በአማቷና በጎረቤቷ መካከል ተጣብቃ ትውላለች። ልትነሳ ስትል «የት ልትሄጂ ነው? ምን ላምጣልሽ?» የሚላት አይጠፋም። ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ አጃቢ አላት።

ወሬው ሁሉ ስለ ባሏ ገላ ነው። በሕይወት ሳለ ጋዜጠኞች የንቅሳቶቹን ትርጉም አንድ በአንድ አስወርተውታልና የማያውቃቸው የለም። ግራ ክንዱ ላይ ያለው መሰላል የአባቱ መታሰቢያ ነው፤ አባቱ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ፣ ከመሰላል ወድቀው ነው የሞቱት። ባቱ ላይ ያለው ቁጥር ልጅ ሳለ ወደ ልምምድ ይመላለስበት የነበረው አውቶቡስ ነው። አንገቱ ላይ ያለው መርፌና ክር ደግሞ ለልብስ ሰፊዋ እናቱ ነው። አማቷ ያንን መጀመሪያ ያዩ ቀን፣ ልጄ ገላውን አበላሸ ብለው አልቅሰው አልቅሰው ሲያበቁ፣ ጠጋ ብለው አዩትና «መርፌው ቀዳዳ የለው፤ ክሩ በምን በኩል ገባ?» አሉት። በማግስቱ ሄዶ ቀዳዳ አስጨመረ። ይህ ሲወራ አማቷም ሳይቀሩ ፈገግ ይላሉ።

ከዚያ ግን ወሬው ዞሮ ዞሮ ቀኝ ክንዱ ላይ ያርፋል፤ እሷ ላይ።

ዓይኖቿን የተነቀሰው በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ሳይነግራት ነው። ለዋንጫ በተደረገው ጨዋታ የቅጣት ውርወራ ሲያገኝ ክንዱን ገልበጥ አደረገና ሳመው። ካሜራው ተጠጋ፤ ከሕዝቡ በላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ ዓይኖቿ ግድግዳ አክለው ወጡ። ከዚያ ካሜራው ዞሮ እሷን ከተቀመጠችበት ፈልጎ አገኛት፤ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ደስ ብሏት ነበር። የማን ባል ለማን ሚስት እንዲህ አድርጎ ያውቃል ስትል ነበር ያደረችው።

ጣጣው የመጣው በማግስቱ ነው። ሥራዋ ከጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ሰም ታቀልጣለች፣ ጄሶ ትቀርጻለች፣ አይታው ለማታውቀው ሰው የሚስቅበትን ጥርስ ታወጣለች። ማንም የማያያት መሆኑን ትወደው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የጥርሱን ልክ ሊሰጥ የመጣው ሁሉ የአቧራ መከላከያ መነጽሯን እንድታወልቅለት ይለምን ጀመር። የታክሲው ሹፌር በመስታወቱ ይሰርቃታል፤ ገበያ ውስጥ ሻጮች ይጠቃቀሱባታል። «የምሰሶ ዓይን» ሆና ቀረች፤ የገዛ ስሟን የሚጠራት ጠፋ።

እቤት ውስጥ ደግሞ ፍቅሩ እያለቀ ነበር። ማንም ማንንም አልመታም፣ ማንም ማንንም አልከዳም። እሱ ግማሹን ዓመት መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣ ዝሎ ይመጣል፤ እራት በልተው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ቢያወሩ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ነው። አንድ ቀን፣ ሳይጣሉ፣ ረጋ ብላ እንለያይ አለችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ክንዱን ገለበጠና አሳያት።

«ይሄንንስ የት ላድርገው?» አላት።

ሊያስፈራራት አልነበረም። መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የጠየቃት። እሷም ምድጃው ላይ የተወችውን ድስት ልታማስል ሄደች። ደግማ አላነሳችውም። እሱ ቆዳውን አውልቆ አይጥል። እሷ ብትሄድ ሕዝቡ በየጨዋታው ዓይኖቿን እያየ ከሃዲ ሲላት ሊኖር ነው። የትም ብትገባ የማትወጣበት ነገር ሆነባት።

ዘንድሮ ግን ቆረጠች። ሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሥራ አገኘችላት፤ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ ከቡድኑ የልምምድ ካምፕ ሲመለስ ልትነግረው ትጠብቀው ነበር። የተመለሰው ሬሳው ነው። መርዶው በመጣ ቀን፣ ቤቱ በዋይታ ሲናወጥ፣ እህቷ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ልብሶቹን ከሻንጣው እያወጣች ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳ ሰቀለቻቸው። ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና በጆሮዋ «ማንም አላየም» አለቻት።

ማንም አላየም። ይኸው የምሰሶ ታማኝ ሚስት ሆና ተቀምጣለች። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ትናንት መጥቶ ያንን ክንድ ከነዓይኖቹ በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ሊያስሉት እንዳሰቡ በኩራት አጫውቷታል፤ ነገ ደግሞ የቡድኑ ልጆች በየክንዳቸው ሊሸከሟት ነው። አንዱን ክንድ ትታ መሄድ ያቃታት ሴት ይህን ሁሉ በምን አቅሟ ትሸሻለች?

ግራ ያጋባት ሌላም ነገር ነበር። ከቀብሩ ማግስት አማቷ ሰው ቀለል እስኪል ጠብቀው ጠጋ አሏትና ለማንም አልተናገርኩም ብለው ጀመሩ።

«ሆስፒታል ልብሱን ሳለብሰው አንዱ ዓይን ተጨፍኖ ነበር።»

«ሁለቱም ተጨፍነው ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«የሱን አላልኩሽም። ክንዱ ላይ ያለውን፤ ያንቺን።» አሮጊቷ ዙሪያቸውን ቃኙ። «ሞት እንዲህም ያደርጋል?»

ሐዘን ያሳያቸው ነገር መስሏት እጃቸውን ያዘች። እሷ ሬሳውን ያየችው ሱፉን ለብሶ፣ እጅጌው እስከ አንጓው ወርዶ ነው። ከመሞቱ በፊት በነበረው ወርም ክርኔን አሞኛል እያለ ክንዱን ከጠባብ ጥቁር መሸፈኛ አውጥቶት አያውቅም፤ ከካምፕ ለአንድ ሁለት ቀን ብቅ ሲል እንኳ እንደተሸፈነ ነበር የሚተኛው።

ፍንጣሪ እጅጌውን መልሶ ቡናውን ከተቀበለ በኋላ፣ በሩ አጠገብ ድምፁን አጥፍቶ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ሰው ተነስቶ መጣ። ባሏን ከመሰላሉ ጀምሮ የነቀሰው ሰውዬ ነው። በራሱ ገላ ላይ አንዲት ነጥብ የለችም፤ ምሰሶ «ፀጉሩን የማይቆረጥ ፀጉር አስተካካይ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ለብቻዋ ሊያነጋግራት ፈለገ። በዚያ ቤት ብቻ መሆን ቀላል አይደለም፤ ወጥ ቤቱ ስኒ በሚያጥቡ ዘመዶች ተሞልቷል። መጨረሻ ላይ ልብስ ወደሚሰጣበት ጠባብ በረንዳ ወጡና እህቷ ማንም እንዳይከተላቸው በሩ ላይ ቆመች።

ነቃሹ የመጣው ፈቃድ ሊጠይቅ ነበር። የቡድኑ ልጆች ለነገ ቀጠሮ ቢይዙም ሳላነጋግራት አልነቅስም ብሏቸዋል፤ ፍንጣሪ መታገሥ አቅቶት ነው ሌላ ቦታ ሄዶ የተነቀሰው። ይህን ነግሯት ሲያበቃ ነቃሹ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

«ካምፕ ከመግባቱ በፊት እኔ ጋ መጥቶ ነበር» አላት። «አጥፋልኝ አላለኝም። ጨፍንልኝ አለኝ።»

«ምኑን?»

«ዓይኖቹን። የተኛ ሰው ዓይን አድርግልኝ አለኝ። አንዱን ጨፈንኩለት፤ እሱ ሲሽር ሁለተኛውን ልንሠራ ተቀጣጠርን። ቀጠሮው ሳይደርስ ነው እንግዲህ የሞተው። ‹ለምን?› አልኩት። ‹ሰው ሲያያት ይውላል፣ ደክሟታል› አለኝ። ‹መሄድ ፈልጋ በዚህ ክንድ ምክንያት ቀርታለች። ሁለቱም ሲያልቁ አሳያታለሁ፤ ከዚያ እንደወደደች ትሁን› አለኝ።»

ጥርስ ሠሪዋ የበረንዳውን ብረት ያዘች። ያውቅ ነበር። ያን ቀን ድስት ላማስል ብላ ጥላው የሄደችውን ጥያቄ ለብቻው ሲያብሰለስል ከርሞ መልሱን አግኝቶለት ነበር። እሱ ክንዱን ሊያሳያት፣ እሷ ሻንጣዋን ልታሳየው፣ ሁለቱም አንድ ቀን ሲጠብቁ ነበር የሰነበቱት። እስከዚያች ሰዓት ያለቀሰችው ሰው ሲያለቅስ እየተከተለች ነው። አሁን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለችና ከሆዷ አለቀሰች። ትታው ልትሄድ የነበረውን ሰው አላወቀችውም ኖሯል። አሁን ሂጂ ብሎ የለቀቃት እሱ ነው፤ ደህና ሁን የምትለው ግን የለም።

እህቷ ስታነሳት ፊቷን ታጥባ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሶፋውን አልፋ ፍንጣሪ ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልጆቹ ነገ እንዳይነቀሱ ንገራቸው» አለችው።

«ለምን? ለሱ ክብር እኮ ነው።»

«ዓይኑ የኔ ነው። እሱም እየመለሰልኝ ነበር፤ ሳይጨርሰው ሞተ እንጂ። ለሱ ማድረግ ከፈለጋችሁ የአውቶቡሱን ቁጥር ተነቀሱለት፤ ያ የሱ ነው። ለሥራ አስኪያጁም እንዲሁ በልልኝ፤ ግድግዳ ላይ አልወጣም።»

ፍንጣሪ የተሸፈነ ክንዱን በሌላው እጁ ያዘ። አፍሯል። «የኔንስ ምን ላድርገው?» አለ።

«ነቃሹ ጋ ሂድ። መጨፈን ያውቅበታል።»

ሽማግሌው ምን እንደተባለ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ጠየቁ። ጥርስ ሠሪዋ ወደ አማቷ ተመልሳ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረቻቸው፤ ሞት እንዳልሆነ፣ ራሱ እንዳስጨፈነው፣ ለምን እንዳስጨፈነውም። አሮጊቷ የቀሚሳቸውን ስፌት በጥፍራቸው እየዳሰሱ ሰሟት።

«ልትሄጂ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ እማዬ።»

እሷም ቢረግሟት፣ ከአጠገቤ ተነሺ ቢሏት ልትቀበል ጠበቀች።

«እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ በመጨረሻ፤ «ከሞተ ጀምሮ።» ከዚያ ቀስ ብለው ጎናቸውን አሳረፉና ጭኗ ላይ ጋደም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሻቸው ረዘመ።

የጥርስ ሠሪዋ እግር ደነዘዘ። ጎረቤቷ አሮጊቷን አንስተን አልጋ ላይ እናስተኛቸው አለቻት፤ ጥርስ ሠሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ፤ አዲስ ለቅሶኞች ገና ከበሩ ሳይደርሱ ዋይታቸውን ጀመሩ። ጥርስ ሠሪዋ መዳፏን አጎድጉዳ የአማቷን ጆሮ ሸፈነችው።