ዘይቱ ሲጠቁር

ደግሞ ትኩስ ነው፣ በጓንቱ አልፎ ይሰማኛል፣ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን በሁለት ጣቴ እያዞርኩ የመጨረሻውን ጥርስ ሳስለቅቀው ዘይቱ መዳፌ ላይ ይዘረገፋል፣ እንደ ሰው ገላ የሞቀ፣ ጥቁር፣ ድምፅ የሌለው፣ ሳፋው ውስጥ ሲገባ ብቻ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ባለፈው ሳምንት እኔው ከበርሜል የቀዳሁት ዘይት ነው፣ ያኔ የማር መልክ ነበረው፣ አሁን ሬንጅ። አይገርመኝም። ያረጀ የናፍጣ ሞተር እንዲህ ነው፣ ጥቀርሻው የሚኖረው ከውስጥ፣ የማንም እጅ የማይደርስበት ስርቻ ውስጥ ነው፣ አዲስ ዘይት ሲገባ ያን ማጠብ ይጀምራል፣ ስላጠበ ይጠቁራል፣ የሚጠቁረው ሥራውን ስለሠራ ነው፣ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ እኔ ግን ገብቻለሁ፣ በማዕረግ ወጥቻለሁ፣ ጋውን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ እናቴ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ የሰው መኪና ሆድ አያለሁ።

ሆድ ነው በእውነት። ከታች ስታየው መኪና አይመስልም፣ አናትህ ላይ የተኛ እንስሳ ነው፣ ሲቀዘቅዝ አጥንቱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ከጎማው ጥግ ቀይ አፈር እየተፈረፈረ አንገቴ ውስጥ ይገባል፣ የዚህ መኪና አፈር ሁልጊዜ ቀይ ነው፣ ሰፈራቸው እንደዚያ ነው ማለት ነው፣ የእኔ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ አፈር የሚባል ነገር የለም፣ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ከጫማዬ ላይ የማራግፈው። ተወው። ዘይቱን ጠብቅ።

ኢንጂነር! ይላል ክላች ከላይ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ግራ እግሩን ስለሚጎትት ነው ክላች ያሉት፣ እሱም ወዶ ተቀብሎታል፣ ኢንጂነር፣ እዚያ ታች ቤት ተከራየህ እንዴ? እየፈሰሰ ነው እላለሁ። ዘይት ነው ወይስ ወንዝ፣ ይላል፣ ሠራተኞቹ ይንከተከታሉ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ቡሎን ሲፈታ ማየት እንዴት እንደሚጥማቸው፣ ይሳቁ።

ጫማዎቹ እዚያው ናቸው። በጉድጓዱ አፍና በመኪናው ጎን መካከል በቀረችው የብርሃን ስንጥቅ ሁለት ቡናማ ጫማዎች ይታዩኛል፣ የግራው ማሰሪያ የተፈታ፣ ድሮም የግራውን ማሰር አይሆንለትም ነበር፣ በድርጅቱ ኮሪደር እየረገጠው ነበር የሚሄደው፣ ጋሼ ማሰሪያዎት እያልኩ ስንቴ ጎንበስ ብዬ አስሬለታለሁ፣ አዎ፣ እኔ፣ አለቃዬ ነበር፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ ከትምህርት እንደወጣሁ ተቀብሎ ልጄ ያለኝ ሰው፣ ልጄ እያለ ጉድ የሠራኝ ሰው። አሁን ሸምግሏል፣ ነገር ይጠፋበታል፣ መኪናውን የምትነዳለት ሴት ልጁ ናት። መጀመሪያ የመጡ ቀን በዚችው ማሰሪያ ነው ያወቅኩት። እሱ እኔን አላየኝም፣ እነሱ እስኪሄዱ ከጉድጓድ አልወጣም፣ እኔ ከታች እዘጋለሁ፣ ከላይ ሌላ ሰው ይሞላል፣ እንዲህ እያልን ከረምን።

እታች ያለኸው፣ ይላል፣ ድምፁ አልሸመገለም፣ ወጣ ወይ? እየወጣ ነው አባባ። በአፌ አባባ እላለሁ፣ በልቤ አንተ። ምን ይመስላል? ጥቁር ነው። ማሰሪያው ሲሚንቶው ላይ ይንፏቀቃል። አልተቀየረም ማለት ነው፣ ይላል፣ አታለላችሁኝ። ኧረ አባዬ፣ ትላለች ልጁ፣ ባለፈው ሳምንት አይደለም እንዴ የተቀየረው፣ አንተው ቆመህ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ዘይቱ ካልተቀየረለት እንቅልፍ የለውም፣ ሲነሳ ሲቀመጥ ነው የሚያድረው፣ እኛንም እንቅልፍ ነሳን። ችግር የለም እህቴ፣ እላለሁ። ወንድሜ ትለኛለች፣ ቀጭን ድካም ያለበት ድምፅ፣ ልጅ ሆና ቢሮው ስትመጣ ከረሜላ ሰጥቻት አውቃለሁ።

አዲስ ዘይት እንዲህ አይጠቁርም። ይህችን ዓረፍተ ነገር እያኘክሁ ነው ያረጀሁት። ያኔ ከድርጅቱ አውቶቡሶች አንዱ ዳገት ላይ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ትኬት ቆራጯ ከበሩ ወድቃ ሞተች፣ ሻይ ቤት ስንገናኝ በሳቅ የምትገድለን ሴት፣ አውቶቡሱን የፈተሽኩት እኔ ነኝ፣ ዘይቱን በዋዜማው ቀይሬዋለሁ፣ ችግሩ የዘይት ፓምፑ ነበር፣ ደክሟል፣ አይውጣ ብያለሁ፣ ለአለቃዬ፣ ቢሮው በር ላይ ቆሜ፣ ሕዝብ ተሰልፏል ልጄ፣ ይውጣ አለኝ፣ ወጣ። ከዚያ ኮሚቴ። ከፋይናንስ፣ ከአስተዳደር፣ ከሕግ ክፍል፣ ክራባት ያሰሩ ሰዎች፣ አንዳቸውም ኮፈን ከፍተው አያውቁም፣ የዘይት መለኪያውን አስመዘዙ፣ ነጭ መሐረብ ላይ ጠረጉት፣ ጥቁር። ተቀይሯል የምትለው ይሄንን ነው? የድሮ ናፍጣ ሞተር እኮ ነው፣ በአንድ ቀን ያጠቁረዋል አልኩ፣ ተያዩ፣ አንዱ ሳል መስሎ ሳቀ፣ ወደ እሱ ዞሩ፣ እውነቱን ነው ወይ? እኔም ዞርኩ። አንድ ቃል። አዎ፣ ብቻ። እሱ መሐረቡን አየ፣ እኔን አላየኝም፣ አዲስ ዘይት እንዲህ አይጠቁርም፣ አለ። በቃ። ሥራዬ ሄደ፣ ፈቃዴ ሄደ፣ ስሜ ሄደ፣ የትኬት ቆራጯ እናት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ፊቴ ላይ የተፉት ምራቅ ግን አልሄደም፣ ስታጠብ አሁንም እዚያው ነው።

ቡሎኑ መዳፌ ውስጥ ነው። ሞቅ ብሏል፣ የሚመታ ይመስላል፣ የራሴ ደም ሥር ነው የሚመታው፣ አውቃለሁ። በቁልፍ ሳላጠብቅ በጣት ብቻ ብተወው፣ እዚህ ሲታይ አያንጠባጥብም፣ ሲሞቅ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ እየላላ ሄዶ ዳገቱ ላይ ይወድቃል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሞተሩ ይጣበቃል፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ቁርጥ እንደዚያኛው። ሲታሰብ እንዴት ይጣፍጣል፣ ባለፈውም አስቤው ነበር፣ ከዚያም በፊት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሌላ ምን ይታሰባል። መሪውን የምትይዘው ግን እሷ ናት፣ ከረሜላ የበላችው። ደግሞስ፣ ቡሎኑን ያላጠበቅኩ ቀን ኮሚቴው ልክ ሆነ ማለት አይደል፣ ያ ክራባት ሁሉ ልክ ሆነ፣ ግዴለሽ ባለሙያ ያሉኝን ሰው በገዛ እጄ ሠርቼ አስረከብኳቸው። ያ የሚሆነው ሞቼ ነው።

ስማ፣ ይላል ሽማግሌው፣ ጎንበስ ሳይል አልቀረም፣ ድምፁ ጆሮዬ ሥር ነው። አንድ መሐንዲስ ነበረን፣ ልጅ እግር፣ ጎበዝ፣ ሞተ፣ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ቁልፉ እጄ ላይ ይቆማል።

አመሻሽ ላይ ይመጣል፣ ይላል። ከበራችን ውጪ መኪናው አጠገብ ይቆማል፣ አይናገር፣ አይነካ፣ ኮፈኑን እያየ ይቆማል፣ ዘይቱ እኮ ተቀይሯል ልለው ወጥቼ መለኪያውን ስመዘው ጥቁር ነው፣ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፣ አንድ ቀን ንጹሕ ሆኖ ካሳየሁት ይተወኛል። አባዬ በቃ፣ ትላለች፣ ማንም የለም አልኩህ እኮ፣ ወጥቼ አይቻለሁ።

ቀብሬ ላይ። የተቀበረው ታላቅ ወንድሜ ነዋ፣ በዚያው ዓመት የሞተው፣ መልካችን አንድ፣ የአባታችን ስም አንድ፣ ያን ቀን ሽማግሌውን ከሰው ኋላ ቆሞ አይቼዋለሁ፣ ምን ሊያደርግ መጣ ብዬ አንገቴን አዞርኩ፣ ለካ እኔን ሊሸኝ ነው የመጣው፣ ለካ አፈሩን ሲጥል በእኔ ላይ ነው የጣለው። እንዲያውስ ማን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በስሜ የጠራኝ ማነው? ኢንጂነር፣ እታች ያለኸው፣ ወንድሜ። እጄን አያለሁ፣ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው፣ ጨለማው ውስጥ ሟሙቶ ቁልፉ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ይመስላል። አመሻሽ ላይ የት ነው የምሆነው? ከሥራ ወጥቼ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እግሬ ወደመራኝ፣ ቤቴ ስደርስ በየት እንደመጣሁ አላስታውስም፣ ድካም ነው፣ ድካም እንዲህ ያደርጋል።

ቡሎኑን አስገባዋለሁ። በጣት፣ ከዚያ በቁልፍ፣ እጄ እስኪነግረኝ። ጠበቀ። ዛሬ ግን ጉድጓዱ ውስጥ አልቀርም።

እወጣለሁ፣ የብረት መሰላሉ ጫማዬ ሥር ይንሸራተታል፣ መጀመሪያ አናቴ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል፣ ሽማግሌው ከመሬት ውስጥ ጥቁር ሰው ሲወጣ ቆሞ ያያል፣ ይጮኻል ብዬ እጠብቃለሁ፣ አይጮኽም፣ አይደነግጥም፣ ከድሮው አንሷል፣ አንገቱ በኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል።

ዛሬ በቀን መጣህ፣ ይለኛል።

የዘይት ማጣሪያው ፊልትሮ በአዲስ ተተክቷል፣ ዘይቱን እኔው እሞላለሁ፣ ቀስ እያልኩ፣ እንደ ክር ይወርዳል፣ ሦስታችንም እናየዋለን። ሞተሩ ገና አልተነሳም። መለኪያውን መዝዤ እሰጠዋለሁ፣ ከኪሱ መሐረብ ያወጣል፣ ነጭ፣ የተተኮሰ፣ ይጠርገዋል፣ ፈዛዛ ቢጫ ነጥብ፣ ሌላ ምንም። አየህ፣ ይላል፣ አየህ ልጄ፣ ንጹሕ ነው፣ ተቀይሯል፣ አሁን ተወኝ። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ማን እንደመሰልከው እግዜር ይወቅ፣ ብቻ እባክህ እሺ በለው፣ እሺ ካልከው ይተኛል።

አንድ ቃል። ይኸው መጣች፣ ዞራ ዞራ፣ አሁን ደግሞ ከእኔ ነው የምትፈለገው። ምላሴ ላይ አለች፣ ክብደት የላትም፣ እንዲህ ቀላል ነበረች እንዴ? እንዲህ ቀላል ሆና ነው የከለከለኝ?

አስነሺው፣ እላታለሁ።

ሞተሩ ያስላል፣ ይነሳል፣ ሲሚንቶው ጥርሴ ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ ሽማግሌው መሐረቡን እንደዘረጋ ያየኛል፣ ምን እንደማደርግ ያውቃል፣ ዕድሜ ልኩን ናፍጣ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፣ ከንፈሩ አይሆንም የሚል ይመስላል፣ ድምፅ የለውም። ትንሽ ይሥራ። ትንሽ ይጨምር። አጥፊው። ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ እንቆማለን፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ መለኪያውን መዝዤ መሐረቡ ላይ፣ ቢጫው ነጥብ ላይ፣ አጋድመዋለሁ። ጥቁር። በክሮቹ መካከል እየሰረገ የሚሰፋ ጥቁር።

ጋሼ፣ አዲስ ዘይት እንዲህ ይጠቁራል?

ይጠቁራል፣ ይላል። ወዲያው። ማሰብም አላስፈለገው። ይጠቁራል ልጄ፣ ያን ቀንም አውቅ ነበር፣ ፓምፑንም ነግረኸኝ ነበር፣ አውቅ ነበር።

ይኸው። ይህ ነው። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር እስኪበጠስ እጠብቃለሁ፣ ምንም አይበጠስም፣ የጋራዡ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል፣ አንድ ሰው ጎማ ያንከባልላል። አትቀየመው ወንድሜ፣ ትላለች፣ ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚለው፣ ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ፊት አውቅ ነበር እያለ ሲያለቅስ ነበር፣ የሞተ ሰው ነው የሚያስበው። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ እላታለሁ። ድምፄ እንደ ሰው ድምፅ ይወጣል። በርታ እንደማለት ፈገግ ትላለች፣ አዎ፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ጎበዝ፣ እንዲህ ስትለው ይረጋጋል፣ አመሰግናለሁ። ክላች እግሩን እየጎተተ መጥቶ፣ ኢንጂነር፣ ጭራሽ ገደሉህ አይደል፣ ብሎ ይስቃል።

በሩን ትከፍትለታለች። ማሰሪያው ይጎተታል፣ ሊረግጠው ነው፣ ሊወድቅ ነው፣ ሳላስበው ጎንበስ እላለሁ፣ ጉልበቴ ሲሚንቶ ይነካል፣ ጣቶቼ ቋጠሮውን አልረሱትም፣ ጥቁር አሻራዬ ቡናማው ቆዳ ላይ ይቀራል። የጫማው ስፌት ውስጥ ቀይ አፈር አለ፣ የሰፈራቸው። አጠገቡ የእኔ ጫማ አለ። የእኔም ስፌት ውስጥ ቀይ አፈር አለ፣ እርጥብ፣ ገና ያልደረቀ፣ ትናንት የገባ።

እጁ አናቴ ላይ ያርፋል፣ ቀዝቃዛ ነው።

አመሻሽ ላይ ትመጣለህ? ይላል ከላይ።

እመጣለሁ፣ እላለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።